በተሳሳተ ጀልባ ወደ አንበሳው ንጉሥ

ጀርመን፣ ሀምቡርግ የሄድነው ለሁለት ሌሊት ብቻ ነው፤ እኔና ታላቅ እህቴ። እትዬ የሙዚየም ሰው ናት። እኔ ደግሞ አዲስ ከተማ ስረግጥ መጀመሪያ የማየው የቲያትር ቤቶቹን ፕሮግራም ነው። ከዲዝኒ ካርቱን ፊልም የተሠራውን የ«አንበሳው ንጉሥ» ሙዚቃዊ ቲያትር ትኬት ቀደም ብዬ ገዝቼ ዝም አልኩ። የነገርኳት እዚያው ከደረስን በኋላ ነው።

«ካርቱን ለማየት ነው ይሄ ሁሉ ዩሮ?»

«ካርቱን አይደለም እትዬ፣ ሰው ነው የሚጫወተው።»

«በምን ቋንቋ?»

«በጀርመንኛ።»

ዝም አለች። የእሷ ዝምታ ከቁጣዋ ይከብዳል። ሁለታችንም ጀርመንኛ የምናውቀው ዳቦ ለመግዛት ያህል ነው።

«የአንበሳው ንጉሥ» ሀምቡርግ የገባው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2001 ነው። ከተማዋ ለሙዚቃዊ ቲያትር እንግዳ አይደለችም። «ካትስ» የተባለው ሙዚቃዊ ቲያትርም ከ1986 ጀምሮ 15 ዓመት ገደማ እዚያው ታይቷል። የአንበሳው ቤት ግን ከሌሎቹ የሚለየው ከኤልበ ወንዝ ማዶ፣ ወደቡ ውስጥ መሆኑ ነው። ተመልካቹ የሚሻገረው በጀልባ ነው፤ የጀልባው ሒሳብም ከትርዒቱ ትኬት ጋር ተከፍሏል።

ጀልባዋ የምትነሳው ላንዱንግስብሩከን ከሚባለው የጀልባ ጣቢያ፣ ከ1 ቁጥር መሳፈሪያ ነው። እኛ 3 ቁጥር ላይ ቆምን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሰው ሲሰለፍ አይቼ ተሰለፍኩ። የተሳፈርነው 62 ቁጥር ላይ ኖሯል፤ ወንዙን ተከትላ ወደ ፊንከንቬርደር የምትወርደው የሕዝብ ጀልባ።

«ያ ቢጫ ቤት አይደለም እንዴ የምንሄድበት?» አለች እትዬ፣ ጣቷን ወደ ኋላ ቀስራ።

ነበር። እየራቀ ነበር። የዓሣ ገበያው ጋ ወርደን በዝናብ ወደ ኋላ ሮጥን። እትዬ ስትሮጥ ካየኋት ስንት ዘመኔ! ትክክለኛዋን ጀልባ ስናገኝ ማቋረጡ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጀ። ካፖርታችንን አስረክበን የተቀመጥነው መብራቱ ሊጠፋ ሲል ነው። ያኔም አላናገረችኝም።

ከዚያ ዝንጀሮዋ ራፊኪ ጮኸች።

የመጀመሪያው ጥሪ ጀርመንኛ አይደለም፤ ዙሉ ነው፤ የደቡብ አፍሪካዊው የሌቦ ኤም ሥራ። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ ከአዳራሹ ሰው አብዛኛው ልክ እንደኛ ቃሉን አይሰማም። ከግራና ከቀኝ ከበሮ ተቀበለ። ዝሆኑ በመድረኩ በኩል መስሎኝ ስጠብቅ፣ በወንበሮቹ መካከል ባለው መተላለፊያ፣ ከኋላችን መጣ። የእትዬ እጅ ክንዴን ጨመቀኝ። (የምትሄዱ ከሆነ ከታች፣ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙ። እኔ መሀል ይሻላል ብዬ ተሸወድኩ።)

የዚህ ሥራ ጉዱ ምንም አለመደበቁ ነው። ቀጭኔው እጁም እግሩም ረጅም እንጨት ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ሰውየው ፊቱ ይታያል። የንጉሡ የሙፋሳ የአንበሳ ጭምብል ከተዋናዩ ራስ በላይ ነው፤ ሲቆጣና ሲያጎነብስ ወደ ፊት ይወርዳል። የአዘጋጇ የጁሊ ቴይመር ሐሳብ ይኸው ነው፦ እንስሳውንም ሰውየውንም አንድ ላይ እዩ። መጀመሪያ ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ ቸገረው። ከአሥር ደቂቃ በኋላ ረሳሁት።

ድርቁ ሲመጣ የውኃ ጉድጓዱ ክብ ሐር ጨርቅ ነው። ጨርቁ መሀሉ ላይ ባለች ቀዳዳ ቀስ እያለ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ውኃው ያንሳል፣ ያንሳል፣ ያልቃል። በቃ። ሴቶቹ አንበሶች ሲያለቅሱ ደግሞ ከዓይናቸው ረጅም ነጭ ጥብጣብ ይመዛሉ። ይህን ለማን ነው የምትተረጉሙለት?

ቋንቋው አልቸገረንም ብል ግን ውሸት ነው። ቀልድ ሲመጣ አዳራሹ ይስቃል፣ እኛ እንተያያለን። ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ እያንዳንዷን ቀልድ በጉልበቱ ላይ ጥፊ ይመታላት ስለነበር እኛም በሱ መሳቅ ጀመርን። ለዚህ ነው ታሪኩን አስቀድማችሁ የምታውቁትን ምረጡ የምለው። ወይም ቦኹም ሄዳችሁ «ስታርላይት ኤክስፕረስ»ን እዩ፤ ከ1988 ጀምሮ ለእሱ ብቻ በተሠራ ቤት ውስጥ ተዋናዮቹ ባቡር ሆነው፣ ተሽከርካሪ ጎማ ባለው ጫማ ሲንሸራተቱ ይታያል። ባቡር ሲሽቀዳደም አስተርጓሚ አያሻም።

በእረፍቱ ሰዓት ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ሄደ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከወንዙ ማዶ ከተማው በሙሉ በርቷል፤ በ2017 የተከፈተው የሙዚቃ አዳራሽ ኤልብፊልሃርሞኒም ጣራው እንደ ማዕበል ሆኖ ይታያል። እትዬ መጠጧን ይዛ ብዙ ቆየች።

«ሰውየው ግን ወንድሙን ገደለው» አለች በመጨረሻ።

ከሩጫው በኋላ የመጀመሪያው ንግግሯ ይህ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ላይ ያ ገዳይ፣ የሙፋሳ ወንድም «ስካር» ብቅ ባለ ቁጥር ከንፈሯን ትመጥበታለች።

ጠዋት ሙዚየም ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ስጠብቃት፣ «ያቺን የትናንቷን ጀልባ እንያዛት» አለችኝ። ቀን ሙሉ የሚያገለግል ትኬት ገዝተን 62 ቁጥር ላይ ወጣን፣ ከላይ፣ ነፋሱ ላይ። ቢጫው ቤት ከኋላችን እየራቀ ሄደ። በዚህኛው ማንም አልደነገጠም።