ክሎስ

ትናንት ማታ የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሜሪላንድ ተወልዳ ያደገች ናት። አማርኛዋ ደህና ነው፤ ቃል ሲጠፋት ግን እንግሊዝኛ ጣል ታደርግበታለች። ወሬ መሃል «አክስቴ፣ አንቺና ማሚ ክሎስ ናችሁ?» አለችኝ።

«እህቴ አይደለች እንዴ!» አልኳት።

«እሱንማ አውቃለሁ» አለች። የምመልሰው አጣሁ።

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ቃሉ አልለቀኝም። ትምህርት ቤት መጀመሪያ የለመድኩት ክሎዝን ነው፣ «በሩን ዝጋ» የሚባልበትን። በእንግሊዝኛ የሁለቱም አጻጻፍ አንድ ነው። ሲነበብ መጨረሻው «ዝ» ሲሆን መዝጋት፣ «ስ» ሲሆን ቅርብ። መዝገበ ቃላት ገልጬ ባይ ምንጫቸውም አንድ ኖሯል፤ ላቲኑ «የተዘጋ» ማለት ነው፣ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ እንግሊዝኛ ገባ። የተዘጋ ነገር ክፍተት የለውም። መሃል የሚገባ ከሌለ ደግሞ ቅርብ ነው። ደስ አለኝ ይሄ።

የእኛ «ቀረበ» ከ«ቁርባን» ጋር አንድ ሥር ነው፤ ትልቅ ቃል ነው። ግን «የቅርብ ዘመድ» ስንል የምንቆጥረው ደሙን ነው። ዓመት ሙሉ ያላነጋገሩት ወንድምም የቅርብ ዘመድ ነው። ልጅቷ የጠየቀችኝ እሱን አይደለም። የሆዳችሁን ትጨዋወታላችሁ ወይ ነው ያለችኝ። ለጓደኛ ቢሆን «የልብ ጓደኛዬ ናት» እል ነበር። ስለ እህት ግን እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ እህትነቱ ራሱ መልስ ይመስለናል።

አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተን ነው ያደግነው። ብርድ ልብሱን ተከናንበን ስንንሾካሾክ እናታችን ከወዲያኛው ክፍል «ተኙ!» ትለን ነበር። አሁን «ልጆች ደህና? ደህና። ብሩ ደረሰ? ደረሰ» ነው፤ በቃ። ቀዶ ጥገና ማድረጓን የሰማሁት ወር ካለፈ በኋላ ከሌላ ሰው ነው። «እንዳላስጨንቅሽ ብዬ» አለችኝ። እኔም የእናታችንን ሕመም እስኪብስ ድረስ ደብቄያታለሁ፣ እንዳትደነግጥ ብዬ። ከፍቅር ነው ሁለታችንም። ግን እንዲህ እየተሳሳን ስንት ነገር አመለጠን!

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነበር፤ እዚያ ገና ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ደወልኩ። አንዴ እንደጮኸ አነሳችው።

«ምን ተፈጠረ? ማን ሞተ?»

«ማንም። እንዲሁ ላወራሽ ብዬ ነው።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ቆይ፣ በሩን ልዝጋው» አለችኝ።