የጃጓር ማርክ 2 መፍቻ ስፈልግ የደረሰብኝ

እ.ኤ.አ. የ1962 ጃጓር ማርክ 2 ገዝቼ ስኮርታ ጎማውን ሳወጣ፣ በጎማው እምብርት ውስጥ የሚቀመጠው ክብ የመሣሪያ ሳጥን ባዶ ነበር። ለየመሣሪያው የተቀረጸው ማረፊያ ብቻ ቀርቷል። ልሞላው ወሰንኩ።

ፒንሳው፣ ካቻቢቴው፣ የካንዴላ መፍቻው፣ የጎማ ንፋስ መለኪያው ከየገበያው ተለቃቅመው በአንድ በጋ ተሟሉ። ስለ እነሱ ብዙ የምለው የለኝም። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የመፍቻዎቹ ነገር ነው።

አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ አራት መፍቻ “ከመኪናው ጋር ከፋብሪካ የወጣ ነው” ብሎ አቀረበልኝ። የዕቃ ገማች ባለሙያ የጻፈው ወረቀትም ነበረው፣ ፊርማና ማኅተም ያለበት። ብረቱ የድሮ የእንግሊዝ ሥራ ለመሆኑ አያጠራጥርም። 380 ፓውንድ ቆጥሬ ሰጠሁት።

እኔ ያደግሁት ሶማሌ ተራ፣ ጋራዥ ውስጥ ነው። እዚያ “ቁጥር 13 አቀብለኝ” ከተባልክ አፉ 13 ሚሊ ሜትር የሆነውን ታነሳለህ፤ የተጻፈው ቁጥር የአፉ ስፋት ነው። እነዚህኞቹ ላይ ግን “1/4 ደብሊው” እና “5/16 ቢኤስ” የሚል ጎን ለጎን ተቀርጿል። አንድ አፍ እንዴት ሁለት ቁጥር ይኖረዋል ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም፤ ወረቀቱን አመንኩ።

የውሃ ፓምፑን ልፈታ ስነሳ አንዱ መፍቻ ጭንቅላቱ ግማሽ ኢንች የሆነ ቡሎን ላይ የገባ መሰለኝ። ትንሽ ይላወሳል፤ እርጅና ነው ብዬ ጫን አልኩት። የቡሎኑ ማዕዘን ተላጠ። ደገምኩት፤ ክብ ሆነ። ስድሳ ዓመት ያህል ማንም ያላበላሸውን ቡሎን በሦስት ምሽት ሰርስሬ አወጣሁት፤ የአሉሚኒየሙንም ጥርስ ነካሁት።

ነገሩ ይኸው ነው፦ ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 ባወጣው ሥርዓት መፍቻው ላይ የሚጻፈው የቡሎኑ ግንድ ውፍረት እንጂ የአፉ ስፋት አይደለም። “1/4 ደብሊው” የሚለው አፉ 0.525 ኢንች፣ ማለትም 13.3 ሚሊ ሜትር ነው። ቢኤስ የሚባለው ጥርሱ የደቀቀ ቡሎን ደግሞ ጭንቅላቱ አነስ ስለሚል፣ ያው አፍ 5/16ቱን ይይዛል። በ1948 ግን እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ በአንድ የጥርስ መለኪያ ተስማሙ። ከ1959 እስከ 1967 የተሠራው ማርክ 2 በአብዛኛው የታሠረው በዚያ ነው። የእሱ መፍቻ ኤኤፍ ይባላል፤ ቁጥሩም እንደ ሶማሌ ተራው የአፉ ስፋት ነው። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊ ሜትር ነው። የእኔን ቡሎን የበላችው ያቺ 0.6 ሚሊ ሜትር ናት።

ነጋዴው “ወረቀቱን የጻፈው ገማቹ ነው” አለኝ። ገማቹ ደግሞ የገመተው የብረቱን ዕድሜ እንጂ የየትኛው መኪና መሆኑን አይደለም አለ። ማኅተሙ ላይ ግን የመኪናዬ ስም ነበር!

የመኪና ሰዎች ሁሉ “የምስክር ወረቀት ያለው ግዛ” ይላሉ። እኔ ወረቀቱን ተውትና ካሊፐር፣ ማለትም ስፋት በትክክል የሚለካውን መሣሪያ፣ ይዛችሁ ሂዱ እላለሁ። መጀመሪያ አፉን ለኩ፣ ቀጥሎ ምልክቱን አንብቡ፣ ከዚያ ሳጥኑ ማረፊያ ላይ አስተኙት። የጃጓር ስም ስለሌለበት ብቻ አትጣሉት፤ ፋብሪካው ከመፍቻ ሠሪዎች ይገዛ ነበር። “ኒኬል አስነክረው፣ አዲስ ይሆናል” የሚላችሁንም አትስሙ፤ ሲወለውሉት መጀመሪያ የሚጠፋው ምልክቱ ነው፣ ምልክቱ ከጠፋ ደግሞ ምን እንደያዛችሁ የሚነግራችሁ የለም።

ትክክለኛዎቹን መፍቻዎች አንድ በአንድ ለመሰብሰብ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እነዚያን አራቱን የ1950 ቤንትሌይ ማርክ 6 ላለው ሰው ሸጥኩለት፤ ያ መኪና በቢኤስ ነው የታሠረው። ገንዘቡን ከመቀበሌ በፊት ኮፈኑን አስከፍቼ በየቡሎኑ ላይ ሞከርኳቸው። ምንም አልተላወሱም።