ጠገራው ስንት ያወጣል?

ባሕር ዳር ገበያም ሆነ ወደ ዘጌ ገዳማት በሚወስደው መንገድ ዳር ማርትሬዛ፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር፣ ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓመቱን ነው፤ 1780። ሻጩም ዓመቱን እያሳየ ዋጋውን ይቆልለዋል። ዓመቱ ግን ስለ ዕድሜው ምንም አይናገርም። ማሪያ ቴሬዛ በ1780 (በፈረንጆቹ) ከሞተች በኋላ ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይና ሌሎችም ያንኑ ዓመት እየጻፉ ጠገራ መትተዋል፤ የሮሙ ሥራ የተጀመረው ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረችበት በ1935 ነው። ስለዚህ እጃችሁ ላይ ያለው ከአያታችሁ ላይበልጥ ይችላል።

የአብዛኛው ጠገራ ዋጋ የሚነሳው ውስጡ ካለው ንጹሕ ብር ነው። ትክክለኛው 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኩሽና ሚዛን አይበቃም፤ ወርቅ ቤት ያለው የግራም መቶኛ የሚያነበው ነው የሚያስፈልገው። በእጅ ብዛት የተፋቀ ጥቂት ነጥብ ግራም ቢያጎድል አያስገርምም፤ 25 ግራም ካሳየ ግን አትድከሙበት። በማግኔት ብቻ አትፍረዱ፤ ብር በማግኔት አይሳብም፣ ናስና እርሳስም አይሳቡም።

አስተማማኙ ፈተና የውሃ ነው። ትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ዜሮ አድርጉት። ብርጭቆ አትጠቀሙ፤ የኪስ ሚዛኖች ብዙዎቹ ከ200 ግራም በላይ አይችሉም። ጠገራውን በቀጭን የስፌት ክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪሰጥም አንጠልጥሉት። ታቹን ከነካ ሚዛኑ የጠገራውን ክብደት ጨምሮ ያሳያችኋል። የአየር አረፋ ከተለጠፈበትም ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ አስቀድማችሁ በእርጥብ ጣት አሹት። 2.75 ግራም አካባቢ ካነበበ ደህና ነው፤ 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይመጣል፣ የብርና የመዳቡ ቅይጥ እፍግታ ማለት ነው። 3.2 ከሆነ በናስ ወይም በኒኬል የተሠራ ነው።

ቀጥሎ ጠርዙን እዩ። እውነተኛው ላይ በላቲን "ፍትሕና ምሕረት" የሚል ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ጎላ ብሎ ወጥቷል። ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ሐሰተኛ ጠርዙ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይታይበታል፤ ወይም መስመሩን ለማጥፋት በሞርድ ተፍቆ ፊደሉ ደብዝዟል። ፊቱ ላይም እንደ መርፌ ጫፍ ያሉ ቀዳዳዎች ይኖሩታል። የድሮ ነጋዴዎቻችን በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥሩ የነበረው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በመጀመሪያ የሚፋቁትም፣ ሐሰተኛው ላይ የሚደበዝዙትም እነሱ ናቸው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከጠገራው ከስድስት እጅ አምስቱ ብር ነው፤ ይህም 23.39 ግራም፣ ወይም 0.752 ትሮይ አውንስ (ብርና ወርቅ በዓለም ገበያ የሚመዘኑበት መለኪያ) ይሆናል። የዕለቱ የአውንስ ዋጋ ለምሳሌ 40 ዶላር ቢሆን፣ ውስጡ ያለው ብር 30 ዶላር ገደማ ነው፤ በባንክ ምንዛሪ አባዙት። ወርቅ ቤት ከዚህ ዝቅ አድርጎ ነው የሚገዛው፤ የሚያቀልጠው ለመስቀልና ለጉትቻ ስለሆነ ድካሙንና ብክነቱን ይቀንሳል፤ አይፈረድበትም። ግን በሞርድ ፍቆ አሲድ ላንጠብጥበት ካለ፣ ለመሸጥ ካልቆረጣችሁ በቀር እሺ አትበሉ፤ ጭረቱ አይጠፋም።

ሰብሳቢ ከብሩ ዋጋ በላይ የሚከፍለው ላልተነካ ጠገራ ነው። ለአንገት ጌጥ ቀለበት የተበየደበት ወይም የተበሳ በብሩ ክብደት ብቻ ይሸጣል፤ የብየዳው ብረት ሚዛኑንም የውሃውን ፈተናም ያዛባል። ማጠብም ይጎዳዋል። አመድና ሎሚ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ኦሞ፣ ሁሉም ብሩን ያብለጨልጩታል፣ ሰብሳቢውን ግን ያባርሩታል። ጠቆር ያለው ልባሱ እንዳለ ይቆይ።

ከብር ዋጋው ተሻግረው የሚሄዱም አሉ። ዓመቱ ከ1780 በፊት የሆነ በዚያው ዘመን የተመታ ነው። ማርትሬዛ የምትመስል ሴት ያለበት፣ ግን 1918 የሚል ካገኛችሁ የጣሊያን ነው፤ ለኤርትራ የመቱት፣ ከተራው ጠገራ የተሻለ የሚከፈልበት። በአንጻሩ ከወረራው ዘመን የቀሩ የማይዝግ ብረት ሊሬዎች በየቤቱ ስለሞሉ ብዙም አይፈለጉም።

ቴሌግራም ላይ "ሚሊዮን ያወጣል" የሚባለውን እርሱት፤ ሻጭ የፈለገውን መጥራት ይችላል። ኢቤይ ላይ የተሸጡትን ብቻ ለይታችሁ እዩ፤ ኑሚስታ በተባለው የሳንቲሞች ድረ ገጽ ላይ ደግሞ ክብደትና ስፋት ማመሳከር ትችላላችሁ። ገዢው ውጭ አገር ከሆነ ፈቃድ ይቅደም፤ ሕጉ የቆየ ሳንቲምን ከተንቀሳቃሽ ቅርስ ስለሚቆጥረው፣ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር ማስወጣት ያስጠይቃል። ለገዢ ፎቶ ስትልኩ ፊቱንና ጀርባውን በመስኮት ብርሃን ያለ ፍላሽ አንሱ፤ ጠርዙን ለብቻው፣ ሚዛን ላይ እንዳለም ቁጥሩ እንዲታይ አንድ ጨምሩ።