ከቤጂንግ ኒው ዮርክ በአየር ስንት ነው?

የሁለት ከተሞችን የአየር ርቀት ለመረዳት ሉል ላይ ክር መወጠርን የሚያህል ነገር የለም። አንዱን ጫፍ ቤጂንግ ላይ በአውራ ጣት ተጭኖ ሌላውን ኒው ዮርክ ላይ ሳብ አድርጎ መያዝ ነው። ክሩ ፓስፊክን ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ አይሄድም፤ ሽቅብ ወጥቶ ከሰሜን ዋልታ 700 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ያልፍና ቁልቁል ይወርዳል። ሁለቱም ከተሞች 40 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለሆኑ ጠፍጣፋ ካርታ ለሚያይ ሰው አጭሩ መንገድ ያንኑ ኬክሮስ ይዞ መሄድ ይመስለዋል። እንደዚያ ቢበረር ግን ወደ 14,400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በክሩ መንገድ 11,000 አይሞላም። ይህን ልዩነት ባየሁ ቁጥር እገረማለሁ።

ስሌቱ አንድ ካልኩሌተር ይበቃዋል። የሁለቱን ኬክሮሶች ሳይን ማባዛት፤ ለብቻው ደግሞ የሁለቱን ኮሳይን በኬንትሮስ ልዩነታቸው ኮሳይን ማባዛት፤ ሁለቱን ውጤቶች መደመር። ኮሳይኑ ይህን ድምር የሚሆነው ማዕዘን በ111.2፣ ማለትም አንድ ዲግሪ በምድር ገጽ ላይ በሚይዘው ኪሎ ሜትር፣ ሲባዛ ርቀቱ ይወጣል። ቤጂንግ 39.9 ሰሜን፣ 116.4 ምሥራቅ፤ ኒው ዮርክ 40.7 ሰሜን፣ 74.0 ምዕራብ ናት። ማዕዘኑ 98.84 ዲግሪ፣ ርቀቱ 10,990 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ምድር ፍጹም ሉል ስላልሆነች ግማሽ በመቶ ያህል ከፍ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ይህ አያሳስብም።

የሚያሳስበው የምልክት ስህተት ነው። ምዕራብ ኬንትሮስ በኔጌቲቭ መግባት አለበት። 74 ያለ ምልክቱ ከገባ ካልኩሌተሩ 3,560 ኪሎ ሜትር ይላል፤ ቁጥሩ ደግሞ እውነት ስለሚመስል ያልጠረጠረ ሰው ይቀበለዋል። 39 ዲግሪ ከ54 ደቂቃን 39.54 ብሎ መጻፍም የተለመደ ነው። ትክክሉ 39.9 ነው፤ 54 ለ60 ይካፈላልና። ይህ ብቻውን 40 ኪሎ ሜትር ያዛባል። ካልኩሌተሩ በዲግሪ ፈንታ በራዲያን (በሌላ የማዕዘን መለኪያ) ተሞልቶ ከሆነ ደግሞ ውጤቱ ጨርሶ ትርጉም አይኖረውም። «ማይል» የሚል ሲገኝም የቱ ማይል እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ይኸው መንገድ በየብስ ማይል 6,830፣ አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ግን 5,935 ነው።

አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚበረው ከዚህ ይረዝማል። የተዘጋ የአየር ክልል ያስዞረዋል። ለንደንና ቶኪዮ በክሩ መንገድ 9,600 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የሩሲያ ሰማይ በ2022 ለብዙ አየር መንገዶች ከተዘጋ ወዲህ ግን 12 ሰዓት ገደማ ይፈጅ የነበረው በረራ ወደ 14 ሰዓት ተጠግቷል።

ለግምት ኪሎ ሜትሩን ለ900 አካፍዬ ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት እጨምራለሁ። ነፋሱ ግን ለብቻው መታየት አለበት፤ ከለንደን ኒው ዮርክ 8 ሰዓት ያህል የሚፈጀው መንገድ ሲመለስ፣ ነፋሱ ከኋላ ስለሚገፋ፣ 7 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል።