ማን ቆጠረው?

ማክሰኞ ማታ

ዛሬ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብቼ የኪስቶን ስፒሽስን ትርጉም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩ፦ እሱ ከአካባቢው ሲነሳ ሌሎች ብዙ ዝርያዎች የሚቀንሱበት ዝርያ። ልጆቹ እየገለበጡ ሳለ ከኋላ የምትቀመጠው ዝምተኛዋ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ዝርያዎቹ መቀነሳቸውን ግን ማን ቆጠረው?»

የቆጠረውን ሰው አውቀዋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳስተምር ግን ስሙን አንድም ቀን ክፍል ውስጥ ጠርቼው አላውቅም። አፈርኩ።

ሮበርት ፔይን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ነው። ቤት እንደገባሁ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፎቶ ኮፒ ያደረግሁትን ጽሑፉን ከካርቶኑ ውስጥ ፈልጌ አወጣሁት። እ.ኤ.አ. በ1966 «ዘ አሜሪካን ናቹራሊስት» መጽሔት ላይ የወጣ ነው፤ 11 ገጽ ብቻ። እራቴን ሳልበላ ጨረስኩት።

ፔይን ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ፣ ሙካው ቤይ በተባለ የፓሲፊክ ዳርቻ፣ 8 ሜትር በ2 ሜትር የሚሆን አለት መረጠ። ከሰኔ 1963 ጀምሮ እየተመላለሰ ፒሳስተር የሚባለውን የባሕር ኮከብ ከዚያ አለት ላይ አነሳ። ይህ እንስሳ ከክንዶቹ ሥር ባሉት ጥቃቅን እግሮች ድንጋዩን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል፤ በባዶ እጅ በቀላሉ አይላቀቅም። ፔይን በብረት እየፈነቀለ ወደ ባሕሩ ይወረውረው ነበር። አጠገቡ ያለውን አለት ግን እንዳለ ተወው።

የባሕር ኮከቡ ዋና ምግቡ ሙስል የሚባለው ባለ ዛጎል እንስሳ ነው። በላተኛው ሲነሳለት ሙስሉ ተስፋፋ፣ አለቱን እያለበሰ ሌሎቹን ገፋቸው። ከ15 ዝርያ 8 ቀረ። እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ይኸው ነው፦ አዳኙ እየበላ ለደካሞቹ ቦታ ያስለቅቅ ነበር።

ሌላም ነገር ልብ አልኩ። እኔ በየዓመቱ የማስገለብጠው «ኪስቶን» የሚለው ቃል በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የለም። ፔይን ያመጣው በ1969 ነው። መጀመሪያ ቆጠረ፣ ስሙ ከሦስት ዓመት በኋላ መጣ። እኔ ግን ለልጆቹ ስሙን ብቻ ሰጥቻቸው ኖሬያለሁ።

ሙከራው አንድ ቦታ ላይ ብቻ መሠራቱ በኋላ ጥያቄ አስነስቷል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። እሱም በዚያ አልቆመም፣ ታቱሽ በምትባል ደሴት ላይ ለአሥርተ ዓመታት ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ነው ያረፈው።

ሐሙስ

ባሕር የለንም፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በጎች ግን አሉን። ጋሼን አስፈቅደን ከሜዳው ጥግ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ቦታዎች በሲባጎ ለካን። አንዱን በጎቹ እንዳይገቡበት በእሾህ አጠርነው፤ ሌላውን ክፍት ተውነው። ጋሼ እሾሁን ራሳቸው ቆርጠው አመጡልን።

ዝምተኛዋ ልጅ ተንበርክካ ሣሩን በጣቷ እየፈለጠች ቆጠረች። ሰርዶ፣ ማገጥ፣ አንድ ስሙን ያላወቅነው ቢጫ አበባ። ስሙን ላላወቅናቸው ቅጠላቸውን ደብተሯ ውስጥ አስገብታ ቁጥር ሰጠቻቸው። ከታጠረው 9፣ ከክፍቱ 9 አገኘች፤ ከዚያ አላመነችም መሰለኝ፣ ሁለቱንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረች። ደወል ተደውሎ ሌሎቹ ሲሮጡ እሷ እዚያው ነበረች።