ከላሜራው ሥር

በባሕር ዳር ከተማ የአሉሚኒየም በርና መስኮት በሚሠራ ወርክሾፕ ውስጥ ስሠራ 11 ዓመት ሆኖኛል። ይህ ገጠመኝ ግን የደረሰብኝ በወርክሾፑ ሳይሆን በዕረፍት ቀኔ በአጎቴ ግቢ በሠራሁት ሥራ ነው። አጎቴ ከጣና ዳር አምባዛና ቆረሶ እየገዙ በአሮጌ ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ የሚያመላልሱ ነጋዴ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርሱት በከተማው ላሉ ምግብ ቤቶች ሲሆን፣ ገበያው ሲደራ ግን ዓሣውን በበረዶ ደራርበው በደብረ ማርቆስ በኩል አዲስ አበባ ድረስ ይወስዱታል። መኪናው የዓባይን በረሃ የሚወርድ መሆኑ በኋላ ለምናገረው ነገር ዋናው ጉዳይ ስለሆነ አስቀድሜ አነሳሁት።

የካሶኒው፣ ማለትም ጭነት የሚቀመጥበት የመኪናው የኋላ ክፍል፣ ወለል የበረዶ ሣጥን ሲጎተትበት ቀለሙ ተልጦ፣ የዓሣ ደምና የቀለጠ በረዶ ሲፈስበት ከርሞ ዝገት ጀምሮት ነበር። አጎቴ በሚያዝያ ወር ጠርተውኝ ወለሉን እንድሸፍንላቸው ሲጠይቁኝ፣ ላዩ የሩዝ ፍሬ በመሰለ ጉብታ የተሞላውን፣ ቼከር ፕሌት የሚባለውን ባለ 3 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ መረጥሁላቸው። ምርጫው ትክክል ነበር፤ ዛሬም ቢሆን የምመርጠው እርሱን ነው። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ሙሉ ላሜራ በአሉሚኒየም ወደ 24 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በዚያው ውፍረት ያለው ብረት 70 ኪሎ ግራም ይደርሳል፤ ልዩነቱ አጎቴ በእያንዳንዱ ጉዞ ሊጭኑት የሚችሉት ዓሣ ነው። ጉብታውም በእርጥብ ወለል ላይ የቆመን ሰው እግር ይይዛል።

ስሕተቱ የመጣው ከችኮላዬ ነው። ጠዋት በካርቶን ልክ ወስጄ መቁረጥ ስጀምር መብራት ጠፋ፤ ተመልሶ የመጣው ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ነበር። አጎቴ በማግስቱ ሌሊት ዓሣ የሚጭኑ ስለሆነ ሥራው በዚያው ቀን ማለቅ ነበረበት፤ ስለዚህ ዝገቱን ሳልፍቅና ቀለም ሳልቀባ ላሜራውን በወለሉ ላይ አነጠፍሁት። በእጄ የነበሩት ብሎኖች ባለ 6 ሚሊ ሜትር ሆነው ርዝመታቸው 50 ሚሊ ሜትር ነበር። እንደረዘሙ አውቄያለሁ፤ ነገር ግን ሱቅ ደርሶ ለመመለስ ጊዜ ስላልነበረኝ፣ የረዘመ ብሎን ካጠረ ይሻላል ብዬ ራሴን አሳመንሁ። ከላይ ወደ ታች 14 ቀዳዳ በስቼ፣ በምሽቱ ጨለማ እጄን ከሥር እየሰደድሁ በዳበሳ ዳዶዎቹን አጠበቅሁ። ከመኪናው ሥር ተኝቼ ምን እንዳለ በዓይኔ አላየሁም። በማግስቱ ላሜራው ፀሐይ አርፎበት ሲያበራ ጎረቤቱ ሁሉ አደነቀው፤ እኔም በሥራዬ ረክቼ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

ሁለት ክረምት አለፈ። በሁለተኛው ዓመት ጥቅምት ላይ አጎቴ ወርክሾፑ ድረስ መጡና፣ «ልጄ፣ የዚህ ላሜራ ሽታው አልለቅ አለኝ፤ ባጥበው ባጥበው ከሥሩ ይሸታል። መንገድ ላይም ይንቋቋል» አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ረዳቴን ይዤ ግቢያቸው ሄድሁ። ብሎኑን ከላይ ስፈታው ዳዶው አብሮ ስለሚዞር፣ ረዳቴ ከሥር ገብቶ ዳዶውን በቁልፍ እንዲይዝልኝ አደረግሁ። አምስቱን አውጥተን ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ረዳቴ ዝም አለ። ምን እንደሆነ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ይውረዱና ይህን ይዩልኝ» አለኝ።

ከጎኑ ተኝቼ በስልክ መብራት አየሁት። የኋላውን ፍሬን የሚመግበው ቱቦ በቴላዮው፣ ማለትም ካሶኒው በሚያርፍበት ረጅም የመኪናው ብረት፣ ጎን ተያይዞ ያልፋል፤ ከብሎኑ ጫፍ ጋር የነበረው ክፍተት ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ አይነካካም። ነገር ግን ከብሎኑ ጫፍ ትይዩ፣ የቱቦው ቀለም ተልጦ የሚያብረቀርቅ፣ በጥፍር ሲዳሰስ የሚታወቅ ስርጉድ ቦታ ነበር። መኪና ጭነት ይዞ በጎርባጣ መንገድ ሲሄድ ቴላዮው ይጠመዘዛል፤ ካሶኒውም ከእርሱ ጋር እኩል ስለማይንቀሳቀስ በመካከላቸው ያለው ክፍተት ይጠባል፣ መልሶም ይሰፋል። የእኔ ብሎን በየጉድጓዱ ቱቦውን እየፋቀው ኖሯል። እንዲህ ያለ የፍሬን ቱቦ ብዙውን ጊዜ የውጭ ስፋቱ 4.75 ሚሊ ሜትር ሲሆን የግድግዳው ውፍረት 0.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከዚያ ላይ ምን ያህሉ እንደቀረ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ያሰብሁት ከደጀን እስከ ዓባይ ድልድይ ያለውን ቁልቁለት ነው። መንገዱ በዚያ ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ሹፌሩ ፍሬኑን ደጋግሞ ይረግጣል፤ ፍሬኑ በተረገጠ ቁጥር ደግሞ ዘይቱ በቱቦው ውስጥ ይጨመቃል። ቱቦው በዚያ ቢፈነዳ ኖሮ የኋላው ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል፤ የፊተኛው ብቻውን ዓሣና በረዶ የጫነን መኪና በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ምን ያህል ይይዘዋል ብዬ ስጠይቅ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ለአጎቴ ወዲያውኑ ነገርኋቸው። ረዳቴ በአሮጌነቱ ያለቀ ቱቦ ነው ብንል ምን ችግር አለው የሚል ዓይን ዓይኔን ቢያየኝም፣ ብሎኑን ያስገባሁት እኔ መሆኔን፣ ከሥር ሳላይ መብሳቴንም ሳልደብቅ አስረዳሁ። አጎቴ ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና፣ «በነሐሴ ልጆቹን ከጎኔ አስቀምጬ ወርጄበታለሁ» አሉ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። መኪናው በዚያ ቀን ከግቢው አልወጣም፤ ፍሬን የእኔ ሙያ ስላልሆነ በማግስቱ የጋራዥ መካኒክ እዚያው መጥቶ ቱቦውን ሙሉ በሙሉ ለወጠው፣ በፍሬኑ መስመር የገባውንም አየር አስወጣው። የተፋቀውን ቦታ ብቻ ቆርጦ በመቀጠል ይበቃል የሚል ሐሳብ ከጎረቤት ቀርቦ ነበር፤ መካኒኩም እኔም አልተቀበልነውም።

ላሜራውን ስናነሣ ደግሞ የሽታው ምንጭ ተገለጠ። የካሶኒው ወለል ውኃ የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች ነበሩት፤ እኔ ሁሉንም ሸፍኛቸዋለሁ። በብሎኖቹ ዙሪያ የገባው የዓሣ ደምና የበረዶ ውኃ መውጫ አጥቶ በወለሉ ሸንተረሮች ውስጥ ተኝቶ ከርሟል። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው ጨው ያለበት ፈሳሽ በመካከላቸው ሲገባ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። በእርግጥም በየብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ተጋግሮ፣ ቀዳዳዎቹ ተበልተው ሰፍተው ነበር፤ ላሜራው የሚንቋቋውም በዚህ ምክንያት ነው። የብረቱ ወለል ደግሞ ቀለም ስላልነበረውና እርጥበቱ ስላልተለየው ለብቻው ዝጎ፣ በአንድ ጥግ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ተፈጥሮበታል። ሽፋኑ ባይኖር ኖሮ አጎቴ ዝገቱን በጊዜ ባዩት ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለተኛውን ሥራ አራት ቀን ወሰድሁበት። የባትሪውን ሽቦ አላቅቀን የተበሳውን ጥግ አስበየድን፤ ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፍቀን አንቲረስት የሚባለውን የዝገት መከላከያ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀባነው፤ እስኪደርቅም ጠበቅን። አዲሱን ላሜራ ለመቁረጥ የፍሪጅ ካርቶን ዘርግቼ፣ ጎማው ወደ ካሶኒው የሚገባበትን ጉብታ ቅስት በጥንቃቄ ልክ ወሰድሁ። ላሜራው የሚቆረጠው ጉብታማው ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ ነው፤ ጂግሶ የሚባለው የኤሌክትሪክ መጋዝ እግር በለስላሳው ጀርባ ላይ ሳይንገጫገጭ ይሄዳልና። በዚህ ጊዜ ካርቶኑም አብሮ መገልበጥ አለበት፤ ይህን የረሳ ሰው የግራውን ቅስት በቀኝ ቆርጦ ላሜራውን ያበላሻል። ምላጩ ለአሉሚኒየም የሚሆን፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩም ሻማ እያሸሁበት፣ ሳልገፋ ቆረጥሁ። ለብረት በተሠራ የግራይንደር ዲስክ የሚቆርጡ ብዙዎች አሉ፤ እኔ ግን አልመክረውም። አሉሚኒየም በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚቀልጥ ማዕድን ስለሆነ በሰበቃው ሙቀት እየለሰለሰ የዲስኩን ቅንጣቶች ይሞላቸዋል፤ ዲስኩ መቁረጡን ትቶ ይግላል፣ ሊሰበርም ይችላል። ጠርዙን በሞረድ አለሰለስሁት፤ ያልተሞረደ ጠርዝ የዓሣ ሣጥን የሚጎትትን ሰው እጅ ይሸረክታል።

ቀዳዳዎቹን በተመለከተ የሥራውን ቅደም ተከተል ገለበጥሁት። አስቀድሜ ከሥር ተኝቼ የፍሬኑን ቱቦ፣ የነዳጁን መስመርና የኋላ መብራት ሽቦዎችን በጠመኔ ምልክት አደረግሁ፤ ከእነዚህ የራቁትን 14 ቦታዎች መርጬ ከሥር ወደ ላይ በቀጭን ፑንታ (የመሰርሰሪያ ጫፍ) በሳሁ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ላሜራውን አንጥፌ ቀዳዳዎቹን ወደ እርሱ አዛወርሁ። በላሜራው ላይ ቀዳዳውን 8 ሚሊ ሜትር አደረግሁት፤ 2 ሜትር አሉሚኒየም ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር ከሥሩ ካለው ብረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ አብልጦ ስለሚረዝም መንቀሳቀሻ ያስፈልገዋል። በላሜራውና በወለሉ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ጎማ አስገባሁ። ብሎኑን ዙሪያውን የሞላሁት አቸቶ አቸቶ በሚሸተው ሲልከን አይደለም፤ እርሱ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ብረትን ይበላልና ሽታ የሌለውን ፈልጌ አገኘሁ። የውኃ መውረጃዎቹንም በላሜራው ላይ በልካቸው ከፈትኋቸው። በመጨረሻ ርዝመቱን አሰላሁ፦ ላሜራው 3፣ ጎማው 3፣ ወለሉ 1፣ ሮንዴላውና ናይለን ያለው ዳዶ አንድ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ፤ ድምሩ 15 ነው። 20 ሚሊ ሜትር ብሎን በቂ ነበር። እኔ ያን ምሽት የከተትሁት 50 ነው።

ሥራው ሲያልቅ ካርቶን ይዤ ከመኪናው ሥር ልገባ ስል አጎቴ፣ «ቆይ፣ እስቲ እኔ ልየው» አሉኝ። «አጎቴ፣ መሬቱ እርጥብ ነው፤ እርስዎ ይተዉት» ብላቸውም አልሰሙኝም። ካርቶኑን ከእጄ ተቀብለው አነጠፉና፣ በጀርባቸው ተኝተው በስልካቸው መብራት ከአንደኛው እስከ አሥራ አራተኛው ያለውን ብሎን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።