ጣት መለዋወጫ የለውም

ዛሬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ አንድ ቶርኖ ቤት ማሽን ሲያስገቡ ቆሜ ሳይ ዋልኩ። ቶን ተኩል ይሆናል ያሉት ቶርኖ፣ ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጠው ማሽን፤ መንገዱ ጠባብ፣ ክሬን የማይታሰብ። ወጣቶቹ እጅጌ ሰብስበው "ሆ!" ሊሉ ሲሉ ባለቤቱ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ "ማንም እጁን ሥሩ እንዳያስገባ!" ብለው አስቆሟቸው።

መጀመሪያ ተንሸራታቹን ክፍል ወደ ጭራው ገፍተው አሰሩት። የቶርኖ ክብደት ማርሹ ባለበት ጭንቅላቱ በኩል ስለሚያደላ፣ ሚዛን እንዲያገኝ ነው። ከዚያ በዲጅኖ ሁለት ጣት ያህል ከፍ፣ ጣውላ ሥሩ፤ እንደገና ከፍ፣ ሌላ ጣውላ። ጣውላውንም በእጅ አይደለም የሚያስገቡት፣ በረጅም ዱላ እየገፉ ነው! በመጨረሻ ወፍራም ቱቦዎች ሥሩ ገቡ፤ ከኋላ የወጣውን ወደ ፊት እያመጡ፣ ማሽኑ እንደ ሙሽራ ቀስ እያለ ገባ።

"ጋሼ፣ መሸ እኮ!" አለ አንዱ።
"ይምሽ! ጣት መለዋወጫ የለውም።"

እኛ ግን መርካቶ ውስጥ ፍሪጅ በጀርባው የሚሸከመውን "ጀግና" ብለን እናልፋለን። ወገቡ ሲያዝ ማን ያየዋል?

ነገ ደግሞ በውኃ ልክ ያስተካክሉታል። አልጋው፣ ተንሸራታቹ ክፍል የሚሄድበት የማሽኑ አካል፣ ትንሽ ከተጣመመ የሚቆርጠው ብረት አንድ ጫፉ ቀጥኖ ይወጣል አሉኝ።